ለግንባታ ዕቃ የምትሆን ትንሽ ተሳቢ፦ ከሱሉልታ ዳርቻ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መገባደጃ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ስለደረቀ በሱሉልታ ዳርቻ ባለን ቦታ ላይ የጀመርነውን ሥራ ቀጥለናል። የቀረን የአጥሩን ግንብ መጨረስ፣ የዶሮ ቤቱንና አንዲት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ማቆም ነው። ትልልቁን ጭነት፣ ማለትም የመሠረቱን ድንጋይና የመጀመሪያውን አሸዋ፣ አይሱዙ ተከራይተን አስመጥተናል፤ ለዚያ ዓይነት ሥራ አይሱዙን የሚተካ ነገር የለም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚያስፈልገው ትንንሽ ጭነት ነው፦ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሠላሳ አርባ ብሎኬት፣ አጣና፣ ቆርቆሮ፣ የዶሮ መኖ፣ ውኃ። ለእንዲህ ያለው ጭነት የመኪና ኪራዩ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። የቤታችን ደብል ጋቢና ፒካፕ ደግሞ የጭነት ቦታዋ አጭር ነው፤ ሲሚንቶና አሸዋ ሲጫንባትም ለቤተሰቡ የምትሰጠው አገልግሎት ይስተጓጎላል። ስለዚህ ከፒካፗ ጀርባ የምትጎተት፣ ሥራ በሌለ ጊዜ ተፈትታ ጥግ የምትቆም ትንሽ ተሳቢ እንድትኖረን ወሰንን።

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ዋጋን በብር አልጽፍም። የብረት ዋጋ ዛሬ የተጻፈው ለሚቀጥለው ወር የማያገለግልበት ዘመን ላይ ነን። በምትኩ ኪሎውንና ሜትሩን እጽፋለሁ፤ አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ሊያባዛው ይችላል። ከዋጋ ይልቅ በክብደት ማሰብ ሌላም ጥቅም አለው፤ እስካሁን ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ካሶኒው ስንት በስንት ይሁን?» ብለው ነው፤ እኔ ግን ምርጫው መጀመር ያለበት ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ስፋት ሳይሆን ከሚሸከመው ነገር፣ ማለትም ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክስል፣ የመንገዱን ድንጋጤ ከሚያበርደው ባሌስትራና ከጎማው ነው ብዬ አምናለሁ።

የምናመላልሰው ዕቃ ክብደት ይህን ይመስላል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ከአካባቢያችን የምንገዛው ባለ 15 ሴንቲ ብሎኬት በሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 13 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ከነዕቃው ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ገደማ ሲሆን ዝናብ ሲመታው ከዚያም ያልፋል። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሆነ አሥራ ሁለት ሜትሩ አሥር ኪሎ ተኩል ያልፋል፤ የፌሮ ችግር ግን ክብደቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነውና ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ጥቅምት መጀመሪያ

የመጀመሪያው ውሳኔ የጠቅላላ ክብደቱ ወሰን ነበር። በአውሮፓ ደንብ ጠቅላላ ክብደቱ፣ ማለትም የራሱና የጭነቱ ክብደት ተደምሮ፣ ከ750 ኪሎ የማይበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ ሆኖም ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። አብዛኞቹ የመኪና መመሪያ መጻሕፍትም ፍሬን ላለውና ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ለየብቻ ቁጥር ያስቀምጣሉ። የእኛ ፒካፕ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ስለምትመዝን 750 ኪሎ ከወሰኗ አያልፍም። በቪትስ ወይም በሌላ ትንሽ መኪና ለመጎተት የሚያስብ ሰው ግን የመኪናውን መመሪያ ሳያይ ምንም ብረት መግዛት የለበትም፤ ጨርሶ እንዲጎትቱ ያልተፈቀደላቸው መኪኖች አሉና።

ከዚህ ወሰን እንዳላልፍ ያደረገኝ ሌላው ምክንያት የቦታችን አቀማመጥ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ወደዚህ የሚመጣው መንገድ ደግሞ የእንጦጦን ሰንሰለት ወጥቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ የእኛ አሮጌ ናፍጣ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ የሚሆነውን አቅሙን አጥቶ ነው የሚሠራው። ይህ ለዳገቱ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሲወርድ የእርሱንም ክብደት የምትይዘው ፒካፗ ብቻዋን ናትና፣ ከባድ ጭነት ይዞ በሦስተኛ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ሊግልበት ይችላል።

ጥቅምት፣ ትንሽ ቆይቶ

ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አየሁ።

ከውጭ የገባ ያገለገለ ትንሽ ተሳቢ አንዳንዴ ይገኛል። አሠራሩ ንጹሕ፣ ካሶኒው ስስና ዝገት የማይነካው ላሜራ ነው። ነገር ግን ያየሁት ጎማው ትንሽ ነበር፤ ለአስፋልት የተሠራ ትንሽ ጎማ በእኛ ኮሮኮንች ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ መለኪያውም ጎማ ተራ ሄዶ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ዋጋውም ከአቅማችን በላይ ነበር።

ሁለተኛው የአደጋ ፒካፕን የኋላ ግማሽ ቆርጦ ወደ ተሳቢነት መለወጥ ነው። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ሻሲው፣ ባሌስትራው፣ ካሶኒውና ጎማው አንድ ላይ ተገጣጥሞ ይገኛል። ጉዳቱ ዲፍረንሻሉ ነው፤ ለተሳቢ ምንም የማይሠራ ከባድ ብረት ተሸክሞ መኖር ማለት ነው። 750 ኪሎ ወሰን ያለው ሰው ከዚያ ውስጥ ብዙውን ለባዶ ተሳቢው ክብደት ከሰጠ የሚጭነው ነገር አይተርፈውም። ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተርንም አስበን ነበር፤ ሞተሩ ለዳገቱ ደካማ ስለሆነና ሌላ ተጨማሪ መንጃ ፈቃድና ቦሎ ስለሚጠይቅ ተውነው።

የጋሪ ሠሪዎቹ ሥራ ግን ጊዜ ሰጥቼ የተማርኩበት ነው። በከተማው ዳርቻ የአህያና የፈረስ ጋሪ የሚሠሩ ሰዎች ከአሮጌ መኪና የወጣ ጎማና ኩሽኔታ (ጎማው በአክስሉ ላይ ያለ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት) ገጥመው በጣም ርካሽና ጠንካራ ጋሪ ያቆማሉ። አንድ በዕድሜ የገፉ ጋሪ ሠሪ ዘንድ ሄጄ አሳባችንን ሳስረዳቸው ሥራቸውን አቁመው አንዱን ጎማ በክሪክ አነሱልኝና በእጃቸው አሽከረከሩት። «ልጄ፣ ጆሮህን አክስሉ ላይ አስጠጋ» አሉኝ። አስጠጋሁ፤ ጥሩው ኩሽኔታ እንደ ጨርቅ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማበታል። ቀጥለው ሌላውን አሽከረከሩት፤ ከውስጡ ደረቅ የጠጠር ድምፅ መጣ። «ይህኛው ለአህያ ይበቃል፤ አህያ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ለመኪና ግን እንዳትገዛው» አሉኝ። «አባባ፣ እርስዎ የሚሠሩት አክስል ለእኛ አይሆንም?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ የሁሉ ነገር ቁልፍ ነበር፦ ጋሪ ባሌስትራ የለውም፤ በሰው እርምጃ ስለሚሄድም አያስፈልገውም፤ በመኪና ፍጥነት ሲጎተት ግን ያለ ባሌስትራ ድንጋጤው ሁሉ በብየዳው ላይ ስለሚያርፍ ብየዳው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ አራተኛውን መንገድ መረጥን፦ ሻሲውና ካሶኒው በአካባቢያችን በያጅ በአዲስ ብረት ይሠራል፤ አክስሉ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ይወጣል፤ ባሌስትራው፣ ቸርኬውና የጎማው መያዣ ካገለገለ ዕቃ ይገዛል። ገንዘቡ የሚውለው ከታች ባለው ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ቀስ በቀስ ሊሻሻል ይችላል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ሶማሌ ተራ

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የጎማ መያዣ ስመርጥ አንድ መስፈርት ብቻ ነበረኝ፤ ቡሎኖቹ ከፒካፗ ጎማ ጋር እንዲገጥሙ። የእኛ ፒካፕ ባለ ስድስት ቡሎን ናት፤ በተቃራኒ ቡሎኖች መካከል ያለው ርቀት 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ተሳቢዋም ተመሳሳይ ከሆነች አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል፣ ለተሳቢዋ ተብሎ ሌላ መግዛት አያስፈልግም፣ ፒካፗ ጎማ ስትቀይር የወረደው ጎማም ለተሳቢዋ ይሆናል። በጀቱ ለጠበበ ሰው ከዚህ የተሻለ ቁጠባ አላውቅም።

ጎማው 195 አር 14 ሲ ነው። በጎኑ ላይ 106/104 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይህም አንድ ጎማ ብቻውን ሲሠራ 950 ኪሎ፣ ጥንድ ሆኖ በአንድ በኩል ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ 900 ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ በትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ የሚታየው 82 የሚል ቁጥር 475 ኪሎን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 950 ይሆናሉና ለ750 ኪሎ ተሳቢ እርሱም በቂ ነበር። ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ጥርሱን ብቻ ማየት አይበቃም። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1619 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ በጭነት ጊዜ ይፈነዳል፤ ሁለት ጥሩ የሚመስሉ ጎማዎችን በዚህ ምክንያት ትቻቸዋለሁ።

ኩሽኔታው ሾጣጣ ሮለር ያለው እንዲሆን ወሰንኩ፤ ከላይ ያለውን ክብደትና በመታጠፊያ ላይ ከጎን የሚመጣውን ግፊት አንድ ላይ የሚችለው እርሱ ነው። ቶርኖ ቤቱ የአክስሉን ጫፍ የቀረጸው 30206 የሚል ቁጥር ላለው ኩሽኔታ ነው፤ ውስጡ 30፣ ውጭው 62 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን መጠን የመረጥኩት በየትኛውም የኩሽኔታ ሱቅ የሚገኝ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ዕቃውን ካገኘ በኋላ ኩሽኔታ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ነገ መንገድ ላይ ሲበላሽ የሚገኘውን ካወቅሁ በኋላ ዕቃውን ማስቀረጽ ይሻላል እላለሁ።

የአክስሉ አካል ወፍራም ቱቦ ነው፤ የተቀረጸው ጫፍ ቱቦው ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ዳር ዳሩን ከመበየዱ በተጨማሪ ቱቦው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች በኩልም ተበይዷል። ለዚህ ብየዳ በያጁ የተጠቀመው 7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ነው። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጡ ይሰነጠቃልና ካርቶኑ አዲስ የተከፈተ እንዲሆን ጠየቅሁት፤ እርሱም ሳያንገራግር ሌላውን ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ከፈተ።

ኅዳር መግቢያ፣ ንድፉ

የካሶኒው ውስጥ ርዝመት 2.50 ሜትር፣ ስፋቱ 1.25 ሜትር ነው። ይህን የወሰነው 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሙሉ ሉኩ ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ይተኛል። ስለ ስፖንዳው፣ ማለትም ስለ ካሶኒው የጎን ግድግዳ ቁመት ግን ከበያጁ ጋር ረጅም ክርክር ነበረን። እርሱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያሠራው እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። ተሳቢዋ ራሷ ወደ 285 ኪሎ ትሆናለች ብለን ብንነሳ፣ ለጭነት የሚቀረው ከ450 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። 450 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ማለት 0.28 ሜትር ኩብ ነው። ይህ በ2.50 በ1.25 ወለል ላይ ሲዘረጋ የሚደርሰው ከፍታ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስፖንዳው 60 ሴንቲ ሆኖ በአሸዋ ቢሞላ ከ1.8 ሜትር ኩብ በላይ፣ ማለትም ወደ ሦስት ቶን ይሆናል። ቦታ ያለበትን ካሶኒ ደግሞ ጫኝ መሙላቱ አይቀርም፤ አካፋ የያዘ ሰው ኪሎ አያይም፣ ባዶ ቦታ ነው የሚያየው። በመጨረሻ 30 ሴንቲ ላይ ተስማማን፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይም በ9 ሴንቲ ከፍታ ዙሪያውን ቀይ የቀለም መስመር እንዲሰመር አደረግሁ። አሸዋ ከዚያ መስመር በላይ አይወጣም፤ ዝናብ የመታው ከሆነ ከመስመሩ በታች ይቆማል።

የብረቱ ስሌት ይህ ነው። የካሶኒው ዙሪያና የፊቱ መጎተቻ እግሮች 80 በ40 በ3 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ አግዳሚዎቹ 60 በ40 በ3 ቱቦላሬ ናቸው፤ በጠቅላላው ወደ 85 ኪሎ ይመጣል። ወለሉ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ሲሆን በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ስለሚመዝን 49 ኪሎ ይሆናል። ስፖንዳው ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራና ባለ 40 አንግል ሆኖ 50 ኪሎ ነው። አክስሉ፣ ባሌስትራው፣ ጎማውና መጎተቻው ተደምሮ 100 ኪሎ ያህል ነው። ወለሉን በጣውላ ብናደርገው ርካሽ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን እርጥብ ሲሚንቶና አሸዋ የነካው ጣውላ በአንድ ክረምት ያብጣል፣ ክብደቱም እንደየቀኑ ይለዋወጣል።

የአክስሉ ቦታ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። አክስሉ በትክክል ከካሶኒው መሐል ሥር ቢገጠም ወይም ወደ ፊት ቢጠጋ፣ የተሳቢው አፍንጫ (መጎተቻው ያለበት የፊት ጫፍ) ቀሎ ከኋላ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው አንዴ በፍጥነት ላይ ከጀመረ ሾፌሩ ከነመኪናው ከመንገድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አክስሉን ከካሶኒው ፊት 1.45 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከመሐሉ 20 ሴንቲ ወደ ኋላ አደረግሁት። ጭነቱ እኩል ሲዘረጋ በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ወደ 70 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ከጠቅላላው 9 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የእኔ የወረቀት ስሌት ስለሆነ በሚዛን እስካላረጋግጠው ድረስ ባሌስትራዎቹ በቡሎን ብቻ ይታሰራሉ፤ ማቀፊያው ላይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅስ ትርፍ ቀዳዳ አስበስቻለሁ።

ኅዳር፣ ብየዳው

ቱቦላሬ ስትገዙ ውፍረቱን በቃል አትመኑ። ባለ 3 ሚሊ ተብሎ የሚሸጥ ባለ 2.5 ሚሊ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይለይም፣ ጫፉም ሲቆረጥ ስለሚታጠፍ በካሊበር መለካት አንዳንዴ ያሳስታል። ቀላሉ መንገድ አንድ ሙሉ ባለ ስድስት ሜትር ዘንግ ማስመዘን ነው። 80 በ40 በ3 ከሆነ 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 26 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ባለ 2.5 ነው። ሻጩ እየሳቀ ሚዛን ላይ አወጣልኝ፤ የመጀመሪያው ቀለለ፣ ከሌላ ክምር ያመጣው ግን ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ።

በያጁን ከለመንኩት ነገር አንዱ የመጎተቻ እግሮቹን ከሻሲው ጋር ሲያያይዝ ብየዳውን በቱቦላሬው ጎን በርዝመቱ እንዲያደርገውና ወገቡን በአግድም እንዳይቆርጠው ነው። ከሥር በአግድም የተበየደ ቱቦላሬ በየጊዜው ሲታጠፍና ሲመለስ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው መስመር ነው። የቱቦላሬዎቹ ጫፍ ሁሉ በላሜራ ተዘግቷል፤ ወለሉ ላይ ግን ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ። ከሥር ያለው ብረት ሁሉ ሳይገጣጠም ጸረ ዝገት ተቀብቷል፤ ከተገጣጠመ በኋላ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነውና።

ባሌስትራው ከፒካፕ የወጣ ነው፤ እንዳለ ቢገጠም ለዚህ ክብደት በጣም ግትር ይሆናል፤ ባዶዋን ተሳቢ በኮሮኮንች ላይ እንደ ሚዳቋ ያዘልላታል። ስለዚህ ከታች ያሉትን አጫጭር ቅጠሎች አወጣን፤ ዋናውንና ሁለተኛውን ከአንድ ተጨማሪ ጋር ተውን። የኋላ ጫፉ የሚወዛወዝ ማያያዣ አለው፤ ባሌስትራው ሲጫን ስለሚረዝም ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ መሥራት አይችልም።

ኅዳር መጨረሻ

የመጎተቻው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የፒካፗ መከላከያ ለመጎተት የተሠራ አይደለም፤ ማቀፊያው በቀጥታ ከሻሲዋ ጋር በባለ 12 ሚሊ ቡሎኖች ታስሯል፤ በቡሎኖቹ ራስ ላይ የጥንካሬያቸውን ደረጃ የሚናገረው 8.8 የሚል ቁጥር መኖሩን አይቼ ነው የገዛሁት። ከመጎተቻው ሥር ሁለት ሰንሰለት በመስቀል ቅርጽ ያልፋል፤ ኳሱ ቢለቅ የተሳቢዋ አፍንጫ መሬት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለመብራቱ ባለ ሰባት ቀዳዳ ሶኬት ተጠቅመናል፤ ቢጫው ሽቦ ለግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ቀዩ ለስቶፕ፣ ጥቁሩና ቡናማው ለግራና ለቀኝ የኋላ መብራት፣ ነጩ ለኔጋቲቭ ነው። ኔጋቲቩን በሻሲና በኳሱ በኩል እንዲያልፍ መተው የተለመደ ነው፤ ዝገትና ግራሶ ግን መብራቱን ያደበዝዙታልና የራሱ ሽቦ ይሁን።

ስለ ሕጉም መናገር ይገባል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሳቢንም ከተሽከርካሪ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ናት ተብላ ያለ ታርጋ መንገድ ላይ መውጣት የለባትም። የብረቱን፣ የጎማውንና የአክስሉን ደረሰኝ፣ ንድፉንም ጨምሬ በአንድ ፋይል ይዣለሁ። ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ የምትንቀሳቀሰው በግቢያችን ውስጥና ከአጥሩ ሥር ባለው የራሳችን መሬት ላይ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ

በመጀመሪያ አፍንጫዋን መዘንኩ። ተሳቢዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሜ፣ መጎተቻውን በኳሱ ከፍታ ልክ በቆመ ግንድ ላይ አሳርፌ፣ ከግንዱ ሥር የሰው መመዘኛ ሚዛን አደረግሁ፤ የግንዱን ክብደት ቀንሼ ባዶዋን 35 ኪሎ ግድም ሆነች። ዘጠኝ ከረጢት ሲሚንቶ እኩል አዘርግተን ስንጭን ሰባ ኪሎን ጥቂት አለፈ፤ ስሌቱ ያዘ። ከዚያ ሁለት ከረጢት ከፊት አንስተን ወደ ኋላ ስፖንዳ ስናስጠጋ ቁጥሩ ወዲያውኑ ወረደ። ይህን ለሚጭኑት ልጆች በዓይናቸው ማሳየት ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ጠቀመ፤ አሁን ከባዱን ነገር ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደ ፊት የሚያደርጉት ሳይነገራቸው ነው። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ የባሌስትራው ቡሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ ተጠበቁ።

ኩሽኔታዎቹን የማጥበቅ አሠራር ቀላል ነው፤ ጎማው እየተሽከረከረ ዳዶው ይጠብቃል፣ ከዚያ ይላላል፣ እንደገና በጣት ኃይል ብቻ ይጠጋና በመያዣ ሽቦው ይታሰራል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ይግላል፣ የላላ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ብሎኬት ካመላለስን በኋላ የጎማውን መያዣ በመዳፌ ነካሁት፤ ሞቅ ያለ ቢሆንም እጅን አስቀምጦ መቆየት ይቻላል። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ካለ አንድም ግራሶው አንሷል፣ አንድም ዳዶው ጠብቋል።

ስለ ፌሮ ያልኩት ይህ ነው፦ ይህች ተሳቢ ረጅም ፌሮ አትጭንም። አሥራ ሁለት ሜትሩ እንደተለመደው ለሁለት ታጥፎ እንኳ ስድስት ሜትር ነው፤ 2.50 ሜትር ካሶኒ ላይ ሲቀመጥ አብዛኛው ወደ ኋላ ስለሚወጣ አፍንጫዋን ያነሳል። ረጅሙን ሻጩ በራሱ መኪና ያድርስ፤ በልክ የተቆረጠውን ግን በምቾት ትይዛለች። አጣናም ከሦስት ሜትር እስካልበለጠ ድረስ እንደዚሁ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

አንድ ከብት የሚያረባ ጎረቤታችን እንዲህ ያለች ተሳቢ ማሠራት ፈልጎ መጥቶ አያት። እርሱ የሚያመላልሰው ድርቆሽና ገለባ ነው፤ በሱሉልታ ሜዳ የሚታጨደው ድርቆሽ ደግሞ ሰፊ ቦታ ቢይዝም ክብደቱ ትንሽ ነው። ለእርሱ 30 ሴንቲ ስፖንዳ እንደማይበቃው ግልጽ ነው፤ ሆኖም ላሜራውን ማስረዘም አያስፈልገውም። በስፖንዳው አራት ማዕዘንና በጎኖቹ መሐል ባለ 40 ቱቦላሬ ቁራጭ እንደ ኪስ ተበይዶ፣ ድርቆሽ በሚጫንበት ጊዜ ብቻ በሽቦ መረብ የተሠራ ከፍታ እንዲገባበት ነገርኩት። መረቡ ቢበዛ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ አሸዋ የሚጭን ሰው መጥቶ ቢዋሰው ደግሞ መረብ አሸዋ ስለማይይዝ ከስፖንዳው በላይ ሊሞላው አይችልም። በያጁ በእኛዋም ላይ ስድስቱን ኪሶች እንዲጨምር በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዘናል፤ ላሜራው ላይ ያለው ቀለም በብየዳው ስለሚቃጠል በዚያው ዕለት ዙሪያው ተፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባል።